ባዶው ቀለህ፤ ከውጅግራ እስከ ጎሬ

የጦር መሣሪያ ታሪክ ሲወሳ ስለ ጠመንጃው ዓይነትና ብዛት ብዙ ይነገራል። ስለ ጥይቱ የሚነገረው ግን ጥቂት ነው። ይሁንና በኢሉባቦር የተፈጸመውን የ1929 ዓ.ም. ታሪክ በሚገባ ለመረዳት አስቀድሞ ቀለሁን መመርመር ይገባል።

ጥይት አራት ክፍሎች አሉት፤ እነርሱም ቀለህ፣ ባሩድ፣ አረርና በቀለሁ ቂጥ የምትገጠመው ትንሿ ካፕሱል ናቸው። ባሩድ ከድኝ፣ ከከሰልና ከአፈር ታጥቦ ከሚወጣ ጨው በአገር ቤት ይቀመም ነበር። አረርም ከእርሳስ ቀልጦ ይወጣል። ካፕሱሏ ግን በመመታት ብቻ የሚነድ ቅመም የያዘች በመሆኗ ከፋብሪካ በቀር አትገኝም።

እ.ኤ.አ. በ1866 ገደማ ሁለት ዓይነት ካፕሱሎች ተፈለሰፉ። እንግሊዛዊው ቦክሰር መመቻዋን ከካፕሱሏ ጋር አያያዛት፤ ስለዚህ የተተኮሰችው በቀለሁ መካከል ባለው ቀዳዳ በቀጭን ብረት ተገፍታ ትወጣለች። አሜሪካዊው በርዳን ግን መመቻውን ከቀለሁ ጋር አንድ አድርጎ ቀዳዳዎቹን በጎን ስላደረገ ያገለገለችውን ማውጣት አድካሚ ነው። አዲሲቱን በመግጠምም ረገድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ጎልታ ከቀረች ጠመንጃው በትክክል አይዘጋም ወይም ይከሽፋል። በመሆኑም ቀለህ ለሚሞላ ሰው ዋናው ነገር ካፕሱሏን እኩል የሚያስገባ መግጠሚያ መምረጥ ነው።

ወደ አገራችን በየጊዜው የገቡት ጠመንጃዎች የተለያዩ ነበሩ። ሰናድር በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ በዘመተው የእንግሊዝ ጦር እጅ ታየ፤ ናስማስርም በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራ ከግብፅ ሠራዊት ተማረከ። ከሁሉ ይልቅ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. የ1874 ሥሪት የሆነው የፈረንሳይ ውጅግራ ነበር። ይህ ጠመንጃ በጥቁር ባሩድ ስለሚሠራ ባዶው ቀለህ ይሰበሰብ፣ እንደገናም ይሞላ ነበር። ፍሬ ጥይቱም እንደ አሞሌ ጨው በገበያ የዝርዝር ገንዘብ ሆኖ አገልግሏል። ለበንና ሞዘር ከመጡ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ፤ ጭስ አልባው ባሩድ በአገር ቤት የማይቀመም ስለሆነ፣ አዲሱ ጠመንጃ በብልጫው ልክ ባለቤቱን ከባሕር ማዶ ፋብሪካ ጋር አሰረው።

የዚህ ውጤት በጎሬ ታየ። ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ከአገር ከወጡ በኋላ፣ ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ጎሬ የጊዜያዊው መንግሥት መቀመጫ ሆነች። ልዑል ራስ እምሩም ከጎጃም ወደዚያው አመሩ። ከጎሬ በታች በባሮ ወንዝ ላይ ያለችው ጋምቤላ ከ1894 ዓ.ም. ውል ወዲህ የእንግሊዝ የንግድ ወደብ የተቋቋመባት ስትሆን፣ ቡናው በክረምት በመርከብ ወደ ሱዳን ይወርድባት ነበር። ነገር ግን ኃያላን መንግሥታት በ1927 ዓ.ም. በጦር መሣሪያ ላይ የጣሉት ክልከላ ከባድ ጉዳት አድርሶ ነበር። ክልከላው በስም ለሁለቱም ወገን ቢሆንም ጥይቱን ራሷ የምትሠራውን ኢጣሊያን አልነካም፤ የጎዳው ኢትዮጵያን ነው።

ኢጣሊያኖች በኅዳር 1929 ዓ.ም. ጎሬን ያዙ፤ ራስ እምሩም በታኅሣሥ ጎጀብ ወንዝ አጠገብ እጃቸውን ለመስጠት ተገደዱ። ለዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ አውሮፕላኑ፣ መርዙ፣ የውስጥ መከፋፈሉም ይቆጠራል። ከእነዚህ ጋር ግን መዘንጋት የሌለበት አንድ ነገር አለ፤ ጀግና ጠመንጃን ይማርካል፣ ጠይብም ባሩድን ይቀምማል፤ ካፕሱሏን በአገሩ የማይሠራ ሕዝብ ግን የተኩሱን ፈቃድ በሌላ እጅ ትቶታል።