ስውር ሕመምን ለማየት የተደረገው ጉዞ

ጭሮ፣ የቀድሞዪቱ አሰበ ተፈሪ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1920ዎቹ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጨርጨር ገዥ በነበሩበት ዘመን፣ ለሌላው አገር አርአያ እንድትሆን በዕቅድ የተቆረቆረች ከተማ መሆኗን አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። የዚያ ዘመን ሥልጣኔ በመንገድ፣ በትምህርት ቤትና በሐኪም ቤት ይለካ ነበር። ሐኪም ቤት ግን ግድግዳው ስለ ቆመ ብቻ አይፈጸምም፤ በሽታን አይቶ የሚለይ መሣሪያና ዐዋቂ ያሻዋል። ይህም በሴቶች ሕመም ላይ ይልቁን ይታያል።

ሐኪሞች ኢንዶሜትሪዮሲስ የሚሉት ሕመም፣ የማኅፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማኅፀን ውጭ ሲበቅል የሚመጣ ነው። በወር አበባ ጊዜ ከእምብርት በታች ብርቱ ሥቃይ ያመጣል፤ አንዳንዶቹንም ከመውለድ ያግዳል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው በመውለድ ዕድሜ ካሉት ሴቶች ከ10 አንዷን ያህል ይይዛል። ይህን ያህል ብዙ ሆኖ ሳለ ሳይታወቅ መኖሩ የሚያስደንቅ ነው።

ሬንትገን የተባለው የጀርመን ሊቅ በ1895 ያገኘው ጨረር አጥንትን አጋለጠ፤ ስስ ሥጋን ከስስ ሥጋ ለመለየት ግን ደካማ ነበረ። በ1921 አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ሳምሰን በእንቁላል ዕጢ ላይ የሚገኙትን፣ አሮጌ ደም ያዘሉና ቸኮላታ የሚመስሉ ከረጢቶች መርምሮ ጻፈ። እርሱ ግን ያያቸው ሆድ ከፍቶ ነው። ሳይከፈት ለማየት ያበቃው ድምፅ ሆነ። የግላስጎው ሐኪም ኢያን ዶናልድ፣ ፋብሪካ የብረትን ስንጥቅ የሚፈልግበትን መሣሪያ አይቶ፣ ይህስ በሰው ሆድ ላይ ቢሞከር ብሎ ተነሣ። ከባልደረቦቹ ጋራ በ1958 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የማይድን የሆድ ነቀርሳ ይዟታል ተብላ የነበረች ሴት፣ በአልትራሳውንድ ብትመረመር የእንቁላል ዕጢ ከረጢት ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ በቀዶ ጥገናም ወጣላት።

ዛሬ ይኸው መሣሪያ ከጨርጨርም ደርሷል፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ፅንስን ለማየት ነው። ስለ ሕመም ካልተጠየቀ ስለ ሕመም አይመልስም። የሳምሰንን ከረጢት በጉም እንደ ተሸፈነ መስተዋት አድርጎ ያሳያል፤ በሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ የተበተነውን ትንንሽ ቁስል ግን አያሳይም። በብልት በኩል የሚገባው ይበልጥ ቢያይም፣ ላላገባች ልጃገረድ በልማዳችን የማይደረግ ነው። በጥልቅ የገባውን የሚያሳየው ኤም.አር.አይ. ደግሞ የሚገኘው በታላላቅ ከተሞች ነው።

ስለዚህ «ምንም አልተገኘም» የሚል ወረቀት ይዛ ወደ በዴሳ ወይም ወደ ሂርና የምትመለስ ሴት ችግር ይገጥማታል። ባልና አማት ወረቀቱን አንብበው ታስመስላለች ይላሉ፤ ያልወለደች እንደ ሆነማ ነገሩ ይብሳል። ወረቀቱ የሚመሰክረው ግን መሣሪያው ስላላየው እንጂ ስለ ሌለው ነገር አይደለም።

ቀድሞ በቀጭን መሣሪያ ሆድ ውስጥ ገብቶ ያላየ ሐኪም እርግጠኛ አይሆንም ይባል ነበር። የአውሮፓ የመካንነት ሐኪሞች ማኅበር በ2022 ባወጣው መመሪያ ይህን ለወጠው፤ ምስሉ ንጹሕ ቢሆንም እንኳ ምልክቱን ሰምቶ ሕክምና መጀመር ይቻላል። ከመድኃኒቶቹም አንዱ ለቤተሰብ ምጣኔ የሚታደለው ክኒን ነው፤ እርሱም በየጤና ጣቢያው ያለ ነው።