ስም ያለው ፈረስና ስም የሌለው አጋሰስ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሆለታ በኩል ወደ ሙገር የሚወስደውን መንገድ የያዘ መንገደኛ፣ እንጭኒ ከመድረሱ አስቀድሞ የበርጋን መስክ ያገኛል። መስኩ ክረምት ሲሆን ውሃ የሚተኛበት፣ በጋ ሲገባ ደግሞ ሣሩ የሚታጨድበት ሰፊ ሜዳ ነው። በዳርቻው የሚሰማሩትን ፈረሶች ከሩቅ ያየ ሰው፣ አገሩ የፈረስ አገር እንደ ሆነ ማንም ሳይነግረው ያውቃል። እኔም ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ወደ እንጭኒ በተላክሁ ጊዜ ይህንኑ እያደነቅሁ ሄድሁ። ከከተማው ገብቼ በአንድ የእህል መጋዘን ደጃፍ ያየኋት ባዝራ ግን ሐሳቤን ወደ ሌላ መለሰችው።

ባዝራዋ ከጋሪ ጋር እንደ ተጠመደች በፀሐይ ቆማለች። የጐኗ አጥንት አንድ በአንድ ይቈጠራል፤ የዳሌዋ አጥንት ቆዳውን ወጥሮ ወጥቷል። የጋሪው ጠፍር የሚያርፍበት የደረቷ ቆዳ ተልጦ ዝንብ ሰፍሮበታል። አንደኛውን የኋላ እግሯን መሬት ማስነካት እየፈራች ታነሣዋለች፤ ዓይኗ ተከፍቷል እንጂ የሚያይ አይመስልም። ገበያተኛው ግን እህሉን ተሸክሞ በአጠገቧ ይመላለሳል፤ አንድም ሰው ዞር ብሎ አላያትም። ይህ ሕዝብ ከፈረስ ጋር ኖሮ ያደገ ሕዝብ ነው። ታዲያ በፊቱ የቆመውን መጐሳቈል ሳያይ እንዴት አለፈ? ይህ ጥያቄ ወደ ኋላ፣ ወደ ታሪኩ መራኝ።

የአባቶቻችን ዘመን ሰው ፈረስን የሚያይበት ዓይን ከኛ የተለየ ነበር። እንደሚታወቀው ሁሉ ታላላቆቹ መኳንንት የሚጠሩት በፈረሳቸው ስም ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ መኰንን አባ ቃኘው ይባሉ ነበር። ወደዚሁ ወደ ምዕራብ ሸዋ አቅጣጫ ስንቀርብም ራስ ጎበና ዳጬን አባ ጥጉ፣ የጨቦውን ተወላጅ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴን አባ መላ፣ የወሊሶውን አርበኛ ገረሱ ዱኪን አባ ቦራ እንላለን። አንድ ሰው በፈረሱ ስም የሚጠራ ሲሆን፣ ፈረሱ ከሳ ማለት ስሙ ከሳ ማለት ነው። በአደባባይ ጐኑ የተቈጠረ ፈረስ ይዞ የሚቀርብ መኰንን ምን ዓይነት ሰው እንደ ሆነ ለተመልካቹ ማስረዳት አያስፈልገውም ነበር። መልኩን እንኳ ቢሆን ዝም ብሎ ቀይ ወይም ነጭ አይለውም፤ ዳማ፣ ቦራ፣ ቡላ፣ አምባላይ እያለ ይለየዋል እንጂ። ከእነዚህ ቃላት ብዙዎቹን አማርኛና ኦሮምኛ በጋራ ይይዟቸዋል፤ ሁለቱ ሕዝቦች በአንድ ሜዳ ላይ አንድ ፈረስ ሲያዩ የኖሩ መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚመሰክር ነገር ያለ አይመስለኝም።

አያያዙም እንደዚሁ ነበር። በዘመቻ ጊዜ ጌታው የሚጓዘው በበቅሎ ነው። ፈረሱ ሸክም ሳይነካው በልጓም እየተሳበ ይከተላል፤ የሚቀመጡበትም የጦርነቱ ሰዓት ሲደርስ ብቻ ነው። በቤተ መንግሥት የፈረሱንና የበቅሎውን ጋጣ የሚመራው ሹም ባልደራስ ይባላል፤ በአዲስ አበባ ዛሬም በዚሁ ስም የሚጠራ ሰፈር አለ። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ሲባል ብንሰማም፣ በ1874 ዓ. ም. በእምባቦ የራስ ጎበና ፈረሰኛ የጦርነቱን ዕድል የለወጠ መሆኑን፣ በዓድዋም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ. ም. ፈረሰኛው የሸሸውን ጠላት እያሳደደ ድሉን የፈጸመ መሆኑን ስናስብ፣ ምሳሌው ለፈረስ የሚገባውን ሁሉ ከፍሎታል ለማለት ያዳግታል።

ነገር ግን ያለፈውን ዘመን ሳመሰግን እውነቱን መሸፈን አይገባኝም። በቋንቋችን ፈረስ ሁለት ስም አለው። ለጦርና ለጉግስ የሚቀመጡበት ሰንጋ ፈረስ ነው፤ ለጭነት የሚውለው ደግሞ አጋሰስ ነው። ከአንድ ባዝራ የተወለዱ ሁለት ወንድማማች ፈረሶች አንደኛው ለጌታው ስም ይሆናል፤ ሁለተኛው ስንቅና ድንኳን ተሸክሞ ከኋላ ሲከተል ጀርባው ቢላጥ ማንም አያለቅስለትም። በረጅም ዘመቻ የጭነት ከብት በየመንገዱ ማለቅ የተለመደ ነገር ነበር፤ ለሰንጋው ሲዘፈን ለአጋሰሱ የተዘፈነ ግን እኔ አልሰማሁም። እንዲያውም ዛሬ አጋሰስ የሚለው ቃል ሆዳምና ሰነፍ ለሆነ ሰው ስድብ ሆኗል። ሲሸከም ለኖረ ፍጡር ይህ የሚገባው ምስጋና አይመስለኝም። ስለዚህ አባቶቻችን ፈረስን ያከብሩ ነበር ከማለት ይልቅ ስም ያለውን ፈረስ ያከብሩ ነበር ማለቱ ለእውነት የቀረበ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ባጭሩ ይህ ነው። በ1900 ዓ. ም. የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ ገባ፤ በ1909 ዓ. ም. የምድር ባቡሩ ደረሰ፤ በ1928 ዓ. ም. ጠላት በታንክና በአውሮፕላን መጣ። አርበኞቻችን በፈረስ ብዙ ሥራ ቢሠሩም፣ ከነጻነት በኋላ የጦር ፈረስ ዘመን አብቅቶ ነበር። ሰንጋው ቀረ፤ አጋሰሱ ግን አልቀረም። የአገራችን ፈረስ ቍጥር ዛሬ ሁለት ሚሊዮን ያህል ሲሆን በአፍሪካ የሚተካከለው የለም። የሚበዛው ግን እህል ይሸከማል፣ አዝመራ ይወቃል፣ በየከተማው ጋሪ ይጐትታል። በሌላ አነጋገር ከጥቂቶች በቀር ሁሉም አጋሰስ ሆኗል። የመጐሳቈልን ምልክት የሚያውቀው ዓይን ደግሞ ከሰንጋው ጋር አብሮ ሄዷል።

ይህ ነገር በእኛ አገር ብቻ የደረሰ አይደለም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የእንግሊዝ ሠራዊት በግብፅ የነበሩትን የጦር ፈረሶች ወደ አገራቸው ከመመለስ ይልቅ እዚያው ሸጣቸው። በአውሮጳ አቆጣጠር በ1930 ዶሮቲ ብሩክ የሚባሉ የአንድ የፈረሰኛ ጦር አዛዥ ባለቤት ወደ ካይሮ ሲሄዱ፣ እነዚያ የጦር ሜዳ ፈረሶች በየመንገዱ ጋሪ ሲጐትቱ፣ አርጅተው፣ አንካሳና ዕውር ሆነው አገኟቸው። በማግሥቱ ዓመት ለአንድ የሎንዶን ጋዜጣ ደብዳቤ ጻፉ፤ በተዋጣውም ገንዘብ በሦስት ዓመት ውስጥ 5,000 ያህል ፈረሶች ገዙ። በ1934 ደግሞ በካይሮ የፈረስ ሆስፒታል አቋቋሙ። እኔን ይበልጥ የነካኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ሴትዮይቱ ፈረሶቹን ከድኻ ባለጋሪዎች እጅ የወሰዱት በቅጣት ሳይሆን ዋጋውን ከፍለው መሆኑ ነው። የድኻው ጕሮሮ በፈረሱ ጀርባ ላይ እንደ ተንጠለጠለ ተረድተውት ነበር። በስማቸው የሚጠራው ድርጅት ከ2006 (በአውሮጳ አቆጣጠር) ጀምሮ በአገራችንም ይሠራል።

በጐጃም፣ በአዊ፣ በዓድዋ የወደቁትን ፈረሶች ለማሰብ በ1932 ዓ. ም. የተመሠረተ የፈረሰኞች ማኅበር አለ። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ፈረሶቹ ተሸልመው ወደ ሜዳ ይወጣሉ። በዚህ ልማድ ደስ የማይለው ኢትዮጵያዊ የለም፤ እኔ ግን (ተሰብሳቢዎቹ አይቀየሙኝ) በዚያው ቀን በከተማው ያሉት የጋሪ ፈረሶች ጀርባም ቢታይ እወድ ነበር።

ምክንያቱም የጋሪ ፈረስ የሚሠቃየው በዱላ ብቻ አይደለም። በአውሮጳ አቆጣጠር በ2006 የታተመ አንድ ጥናት በ28 የኢትዮጵያ ከተሞች 19,082 የጋሪ ፈረሶችን መርምሮ፣ ከመቶ 18.8 የሚሆኑት በቆዳ ሥር እንደ መቍጠሪያ እየተደረደረ በሚያብጥና በሚፈነዳ የሻጋታ ዘር በሽታ የተያዙ መሆናቸውን ገልጿል። በሽታው የሚጸናው ሞቅ ባለው አገር ነው፤ ጠፍርና ኮርቻ የላጠው ቍስል ደግሞ መግቢያ በር ይሆንለታል። እንግዲህ ከደጋ ተወልዶ ወደ ቆላማው ከተማ ለጋሪ የሚሸጠው ፈረስ ምን እንደሚጠብቀው መገመት አያስቸግርም።

ወደ እንጭኒዋ ባዝራ ልመለስ። እኔ ጋሪ ነጂውን ጐረምሳ ተቈጥቼ ፖሊስ ለመጥራት ስዘጋጅ፣ ከመጋዘኑ ጥላ ሥር ተቀምጠው የነበሩ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው መጡ። ለልጁ በኦሮምኛ ጥቂት ቃል ተናገሩትና ባዝራዋን ከጋሪው አስፈቷት። ከዚያም የአንገቷን ቆዳ በሁለት ጣታቸው ቈንጥጠው ለቀቁት፤ ቆዳው ቶሎ አልተመለሰም።

«ውሃ ጠምቷታል ልጄ» አሉኝ፤ «ቍጣው ይቈይና ባልዲ ፈልግ።»

እርስዋ ስትጠጣ ከንፈሯን ገልጠው ጥርሷን አዩ። ያረጀ ፈረስ ጥርሱ ሲያልቅ የቱንም ያህል ቢቀልቡት ይከሳል፤ ይህችኛዋ ግን ገና ሰባት ዓመት እንዳልሞላት ነገሩኝ። እግሯንና አንገቷን ዳስሰው እብጠት የለም አሉ። ሰኮናዋን አንሥተው የተሰነቀረውን ጠጠር በእንጨት አወጡት። ፋንድያዋን እንኳ በበትራቸው በትነው ትል ፈለጉ። እኔ በዚህ መካከል ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ከመጋዘኑ ገብስ ገዝቼ ባቀርብላት እጄን ያዙኝ።

«የተራበ ፈረስ ገብስ ባንድ ጊዜ አይሰጠውም፤ ትገድላታለህ። ድርቆሽ ጥቂት በጥቂት፣ በቀን ብዙ ጊዜ።»

ጐረምሳውን ግን አንድም ጊዜ አልተቈጡትም፤ በቀን ስንት ጊዜ ውሃ እንደሚያጠጣት ብቻ ጠየቁት። ያን ጊዜ ነገሩ ተገለጠ። ባዝራዋ የሱ አይደለችም። ባለቤትዋ በሌላ ከተማ የሚኖር ሰው ነው፤ ልጁ በየቀኑ የተወሰነ ገንዘብ ያስገባለታል፣ የሚተርፈው ካለ የሱ ነው። የሣር ዋጋ የማን እንደ ሆነ ግን በውላቸው ላይ አልተነገረም። ጌታው አያያትም፤ የሚያያት ልጅ ጌታዋ አይደለም። የጥንቱም ጌታ ፈረሱን የሚቀልበው በሎሌ እጅ እንደ ነበር እውነት ነው፤ ነገር ግን በማግሥቱ ራሱ ይቀመጥበት ነበር።

«ፖሊስ ቢመጣ ልጁ ይሸሻል» አሉኝ ሽማግሌው፤ «ባዝራዋም ነገ በሌላ ሰው እጅ ከሌላ መጋዘን ትቆማለች። ጌታዋን በስልክ እንጥራው።»

ሰውየው በሦስተኛው ቀን መጣ፤ እኔም ጉዳዬ ስላላለቀ ነበርሁ። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ከብዙ ክርክር በኋላ ባዝራዋ እስከ ኅዳር ድረስ ጋሪ እንዳትነካ፣ በሽማግሌው መስክ እንድትከርም፣ ባለቤትዋ የመድኃኒቱንና የድርቆሹን ዋጋ እንዲከፍል ተስማሙ። የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ቍስሏን አጥቦ የትል መድኃኒት ሰጣት። ልጁ በዚያ ክረምት ምን በልቶ እንደሚያድር ግን በዚያ ጉባኤ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔም ያሰብሁት ወደ አዲስ አበባ ስመለስ፣ ሆለታን ካለፍሁ በኋላ ነው።

በኅዳር ወር በዚያው መንገድ ሳልፍ ከመኪና ወርጄ ጠየቅሁ። ልጁ ለሽማግሌው ድርቆሽ ሲከምር አገኘሁት፤ ክረምቱን በሳቸው ቤት በሎሌነት ቈይቷል። ባዝራዋ ከክምሩ ጀርባ ትግጥ ነበር። በደረቷ ላይ ቍስሉ ደርቆ በነበረበት ስፍራ ነጭ ጠጕር በቅሏል። ሽማግሌው እጃቸውን በጐኗ ላይ አሳርፈው የኔንም እጅ ወሰዱና በዚያው አኖሩት። አጥንቱ በእጅ ይዳሰሳል፤ በዓይን ግን አይታይም።

«ስሟ ማን ነው?» ብዬ ልጁን ጠየቅሁት።

ጥቂት አሰበ። «እስካሁን አላወጣንላትም» አለኝ።