ከማርሚታ የሚገኝ ሙቀት
በትናንሽ አይሮፕላኖች ስለሚደርሰው ብርድና ስለ መከላከያው ታሪክ

ከአብነት ተነሥቶ ወደ መርካቶ እምብርት የሚዘልቅ ሰው ምናለሽ ተራ ሲደርስ የመዶሻ ድምፅ ይቀበለዋል። በዚያ አሮጌ በርሜል ተቀዶ ምድጃ ይሆናል፤ ላሜራ ታጥፎ ቱቦ ይወጣዋል። ይህን ሥፍራ ከበረራ ታሪክ ጋር ማያያዝ ለሰሚው እንግዳ ሳይመስል አይቀርም። ይሁን እንጂ በዓለም ዙሪያ በግለሰቦች እጅ የሚሠሩ ትናንሽ አይሮፕላኖች የአብራሪያቸውን ክፍል የሚያሞቁበት ዘዴ በመሠረቱ የቆርቆሮ ሠሪ ሙያ ነው። በጭስ ማውጫው ዙሪያ ላሜራ ይጠመጠማል፤ በላሜራውና በጭስ ማውጫው መካከል ንጹሕ አየር እንዲያልፍ ይደረጋል፤ የሞቀውም አየር በቱቦ ወደ አብራሪው እግር ይመራል።

ፈረንጆች የበረራ ብርድን ከበረዶው ወራት ጋር አያይዘው ያነሡታል። በእኛ አገር ግን ብርዱ የሚመጣው ከወቅቱ ይልቅ ከከፍታው ነው። የቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። አየሩ ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል እየቀዘቀዘ ይሄዳል። በታኅሣሥ ጧት በ8 ዲግሪ ሙቀት የተነሣ አብራሪ 1,000 ሜትር ሽቅብ ሲወጣ ከ2 ዲግሪ በታች የሆነ አየር ይጠብቀዋል ማለት ነው፤ የነፋሱ ግርፋት ሳይቆጠር።

የመጀመሪያዎቹ አብራሪዎች ለዚህ የነበራቸው መልስ ልብስ ብቻ ነበር። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው ፖቴዝ 25 አይሮፕላን የአብራሪው መቀመጫ ክፍት ነበር፤ ያውም በክረምቱ እኩሌታ። ከኢትዮጵያውያን ቀደምት አብራሪዎች መካከል የሚጠቀሱት ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊም በዚያው ዘመን ነው የሠለጠኑት። የቆዳ ካፖርት፣ የቆዳ ቆብና የሱፍ ሹራብ የዘመኑ ማሞቂያዎች ነበሩ። በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር መሪነት አገር ውስጥ ተሠርታ በ1928 ዓ.ም. የተጠናቀቀችው፣ በወረራው ጊዜ ወደ ኢጣልያ ተወስዳ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ለአገሯ የበቃችው «ፀሐይ» አይሮፕላንም የዚያው ትውልድ ናት።

የራሱን አይሮፕላን በራሱ እጅ ለመሥራት የተነሣ ኢትዮጵያዊ ሲነሣ የአቶ አስመላሽ ዘፈሩ ስም ይቀድማል። በሕዝብ ጤና ትምህርት የሠለጠኑት አቶ አስመላሽ ኬ-570ኤ ያሏትን አይሮፕላን የሠሩት በአሮጌ የቮልስዋገን ሞተር ነበር። 570 ሥራው የፈጀው የቀን ብዛት ሲሆን «ኬ» የእናታቸው ስም መነሻ ፊደል ነው። በ2007 ዓ.ም. ሰኔ ላይ በሱሉልታ ያደረጉት ሙከራ በውጭ አገር ጋዜጠኞች ዘንድ ሳይቀር ተወርቷል። በዚያ ደረጃ ላይ ላለ ሠሪ ጭንቀቱ ከመሬት መነሣት እንጂ መሞቅ እንደማይሆን ግልጽ ነው። ነገር ግን የመረጡት ሞተር የማሞቂያን ጥያቄ በውስጡ ይዞ የሚዞር ነው።

አዲስ አበቤ «ቮልስ» የሚላት መኪና ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በውኃ ሳይሆን በአየር ነው። ስለሆነም እንደ ሌሎች መኪኖች ከራዲያተር ውኃ ሙቀት መስረቅ አይቻልም። በቀደሙት ሞዴሎች ሞተሩን ያቀዘቀዘው አየር ራሱ ወደ ተሳፋሪው ይገባ ስለነበር የዘይት ሽታም አብሮት ይመጣ ነበር። ከ1963 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ወዲህ ንጹሕ አየር በጭስ ማውጫው ዙሪያ በተለየ መተላለፊያ እንዲሞቅ ተደረገ። ይህ ሞተር ወደ አይሮፕላን ሲዛወር ግን ማራገቢያውና ሽፋኑ ይወልቃሉ፤ ሲሊንደሮቹን የሚያቀዘቅዘው የበረራው ነፋስ ይሆናል፤ ማሞቂያውም አብሮ ይቀራል። እንግዲህ ሠሪው ከመጀመሪያ ጀምሮ በላሜራ መሥራት ይኖርበታል።

አደጋው የሚመጣው ከዚህ ላይ ነው። ጭስ ማውጫው በሽፋኑ ውስጥ ቢሰነጠቅ ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሙቀቱ ጋር ተቀላቅሎ ይገባል። ይህ ጋዝ መልክም ሽታም የለውም፤ ከደም ጋር የሚጣበቅበት ኃይል ኦክሲጅን ከሚጣበቅበት ከ200 እጥፍ በላይ ነው። በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል አንድዶ መተኛት የሚያስከትለውን ለአገራችን ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። በከፍታ ላይ ኦክሲጅኑ አስቀድሞ ስለሚሳሳ ጉዳቱ የባሰ ነው። ጥር 21 ቀን 2019 (እ.ኤ.አ.) ከፈረንሳይ ናንት ወደ ካርዲፍ ሲበር ባሕር ላይ የወደቀው ፓይፐር ማሊቡ የፋብሪካ ሥራ ነበር፤ ሆኖም በተሳፋሪው በእግር ኳስ ተጫዋቹ በኤሚሊያኖ ሳላ ደም ውስጥ የተገኘው የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠን 58 በመቶ ደርሶ ነበር። ፋብሪካ የሠራው ይህን ካደረሰ በጓሮ የተሠራው ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚሻ መገመት አያዳግትም።

የዕቃውም ምርጫ ቀላል አይደለም። ምናለሽ ተራ በብዛት የሚገኘው ዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮ ለውኃ ቦይ እንጂ ለዚህ አይሆንም፤ ልባሱ በ420 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀልጥና ጭሱም ስለሚጎዳ ማንኛውም በያጅ ያውቀዋል። የሚመረጠው ዝገት የማይዘው ብረት ነው።

ልምድ ያላቸው ሠሪዎች ደግሞ ማሞቂያ ከመሥራታቸው በፊት ቀዳዳ ይደፍናሉ። በበረራ ጊዜ በአብራሪው ክፍል ያለው ግፊት ስለሚያንስ ቀዝቃዛው አየር ብዙውን ጊዜ የሚገባው ከፊት ሳይሆን ከጅራት በኩል ተስቦ ነው፤ የሞተሩ ጭስም በዚያው መንገድ ሊከተል ይችላል። ከመቀመጫው በስተኋላ የሚጋረድ አንድ ወፍራም ሸራ ከትልቅ ማሞቂያ የበለጠ የሚጠቅምበት ጊዜ አለ። ሞተሩን ከአብራሪው በሚለየው ግድግዳ ላይ ሽቦና ቱቦ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎችም እንዲሁ ሙቀት በሚችል ማሸጊያ ይደፈናሉ።

ስንጥቁን ለማግኘት የሚደረገው ምርመራ ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም። ሽፋኑ ይወልቃል፤ በጭስ ማውጫው ጫፍ በኩል አየር ይነፋበታል፤ ከዚያም የሳሙና ውኃ ይቀባል። አረፋ የወጣበት ቦታ የተሰነጠቀ ነው። ጎማ ሠሪ በውኃ ገንዳ የሚያደርገው ፍተሻ መሆኑ ነው፤ በአይሮፕላኑ ላይ ግን በየዓመቱ፣ ብርዱ ሳይገባ ይደረጋል።