የእጅ ስልክና የግዕዝ ፊደል፡- አጭር መልእክት ወደ ሐይቅና አምባሰል የሚደርስበት መንገድ

በደቡብ ወሎ ዞን ከሐይቅ ከተማ እስከ አምባሰል ተራሮች ባለው አካባቢ የሚኖር አርሶ አደር የመሥሪያ ቤትን ማስታወቂያ በእጅ ስልኩ በራሱ ፊደል ማንበብ የቻለው በሦስት ፈጠራዎች መገናኘት ነው። እነርሱም የእጅ ስልክ፣ አጭር የጽሑፍ መልእክት እና የግዕዝ ፊደል በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚጻፍበት ዘዴ ናቸው። አሠራራቸውን ማወቅ ለሕዝብ መልእክት ለሚያዘጋጁ የመንግሥት ሠራተኞች ጠቀሜታ አለው።

በእጅ በሚያዝ የሞባይል ስልክ የመጀመሪያውን ጥሪ እ.ኤ.አ. በ1973 በኒውዮርክ ከተማ ያደረገው የሞቶሮላ ኩባንያ መሐንዲስ ማርቲን ኩፐር ሲሆን፣ ስልኩ ከ1 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝን ነበር። የመጀመሪያው አጭር የጽሑፍ መልእክት ደግሞ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 3 ቀን 1992 በእንግሊዝ አገር ከኮምፒውተር ወደ ስልክ ተልኳል። በኢትዮጵያ የሞባይል አገልግሎት በአዲስ አበባ የተጀመረው በ1991 ዓ.ም. ነው።

የሬዲዮ ሞገድ በተራራ ስለሚጋረድ በሸለቆ ውስጥ ያለ ሰው የድምፅ ጥሪ ላያገኝ ይችላል። አጭር መልእክት ግን ስልኩ ባይገኝም በማዕከል ተይዞ ይቆይና ባለቤቱ ሞገድ ወዳለበት ስፍራ ሲወጣ ይደርሰዋል። እንደ አምባሰል ላለ ተራራማ ወረዳ ይህ አሠራር ተስማሚ ነው።

ይሁን እንጂ ቀደምት ስልኮች የነበሯቸው 12 ያህል ቁልፎች ሲሆኑ፣ የአማርኛ ፊደል ዲቃላዎቹን ሳይጨምር 33 ሆሄያት በሰባት ድምፅ ተባዝተው 231 ይሆናሉ። በዚህም ምክንያት ብዙዎች አማርኛን በላቲን ፊደል ለመጻፍ ተገደው ቆይተዋል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ውስጥ መካተቱ ከአንድ መሣሪያ የተላከ ጽሑፍ በሌላው ላይ ሳይበላሽ እንዲነበብ መሠረት ጥሏል። በአሜሪካ የሚኖሩት ትውልደ ኢትዮጵያዊው የእንስሳት ሐኪም ዶክተር አበራ ሞላ ደግሞ እያንዳንዱን የግዕዝ ፊደል በጥቂት የቁልፍ ምቶች ለመጻፍ ለሚያስችል ዘዴያቸው እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካን የፈጠራ መብት ማረጋገጫ አግኝተዋል።

መልእክት አዘጋጆች በተለይ ሊያውቁት የሚገባው የልክ ጉዳይ ነው። አንድ አጭር መልእክት በላቲን ፊደል ሲጻፍ እስከ 160፣ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ግን እስከ 70 ምልክቶች ይይዛል። በላቲን በተጻፈ መልእክት ውስጥ አንድ የግዕዝ ፊደል ብቻ ቢገባ እንኳ ልኩ ወደ 70 ይወርዳል። ከዚህ ያለፈው ተከፋፍሎ ስለሚላክ ለብዙ ሺህ ሰዎች ሲሠራጭ ወጪው ይጨምራል።

ሆኖም የግዕዝ ፊደል አናባቢውን በውስጡ ስለሚይዝ ቦታ ይቆጥባል። «አምባሰል» በአማርኛ 5፣ በላቲን (Ambasel) 7 ፊደላት ይፈጃል። ለምሳሌ «ነገ ጠዋት 2 ሰዓት በውጫሌ የከብት ክትባት ይሰጣል፤ ከብቶቻችሁን አምጡ።» የሚል ማስታወቂያ ክፍት ቦታውንና ሥርዓተ ነጥቡን ጨምሮ 46 ምልክት ብቻ ነው። ጊዜውን፣ ቦታውንና የሚፈለገውን ተግባር ያሟላ ጽሑፍ በአንድ መልእክት ሊጠቃለል እንደሚችል ያሳያል።

ማንበብ ለማይችሉ ወገኖች የድምፅ አገልግሎት አስፈላጊ ነው። በ2006 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው 8028 የስልክ መስመር የግብርና ምክርን በድምፅ ለአርሶ አደሮች እንዲያቀርብ የተዘጋጀ ነበር።

መልእክት ሲያጥር ግዴታና ፈቃድ እንዳይቀላቀሉ መጠንቀቅም ያስፈልጋል። «ይችላሉ» እና «አለባቸው» በፊደል ብዛት ተቀራራቢ ቢሆኑም ትርጉማቸው የተራራቀ ነው። በዚያው በአምባሰል፣ በውጫሌ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በምታደርገው ግንኙነት በጣሊያን በኩል መላላክን በአማርኛው ፈቃድ፣ በጣሊያንኛው ግን ግዴታ በማድረጉ አገሪቱን እስከ ዓድዋ ጦርነት ያደረሰ ውዝግብ ማስነሣቱ ይታወሳል።