ታዳጊ አሽከርካሪዎችና የማስታወቂያ ገንዘብ፤ ከፎርሙላ 2 እስከ ጂፒ 2

በአውቶሞቢል እሽቅድምድም ታሪክ ብዙ የተጻፈለት ታላቁ ውድድር፣ ማለትም ፎርሙላ ዋን ነው። ከእርሱ ሥር ሆነው ወጣት አሽከርካሪዎችን እያሠለጠኑ ወደ ላይ የሚልኩት ውድድሮች ግን እምብዛም አይወሱም። ይሁን እንጂ የማስታወቂያ ገንዘብ ወደ ስፖርት ሲገባ ምን እንደሚያንጽና ምን እንደሚያፈርስ ከእነዚህ መሸጋገሪያ ውድድሮች የተሻለ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ችግራቸው ከመነሻው አንድ ነው። ወጣቱ ለመወዳደር ገንዘብ ያስፈልገዋል፤ ገንዘብ ያለው ድርጅት የሚከፍለው ስሙ በብዙ ሰው ዓይን እንዲታይለት ነው፤ የብዙ ሰው ዓይን ግን ያለው በላይኛው ውድድር ላይ ነው።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር እስከ 1967 ድረስ በታላላቆቹ የአውሮፓ ውድድሮች የሚሰለፉት መኪኖች በአብዛኛው የየአገራቸውን ቀለም ይቀቡ ነበር፤ እንግሊዝ አረንጓዴ፣ ፈረንሳይ ሰማያዊ፣ ኢጣሊያ ቀይ። በ1965 በብሪታንያ የሲጋራ ማስታወቂያ ከቴሌቪዥን ታገደ። የትምባሆ ኩባንያዎችም ሌላ መንገድ ፈለጉ። የማስታወቂያው ደንብ በ1968 ሲላላ፣ የሎተስ ቡድን በዚያው ዓመት በጥር ወር በኒውዚላንድ በተደረገው ውድድር መኪናውን በጎልድ ሊፍ ሲጋራ ፓኬት ቀለማት፣ በቀይ፣ በነጭና በወርቃማ፣ ቀብቶ አሰለፈ። መኪናው ራሱ በአስፋልት ላይ የሚበር የማስታወቂያ ሰሌዳ ሆነ።

በዚያን ጊዜ የመሸጋገሪያው ውድድር ፎርሙላ 2 ነበር። የአውሮፓ ሻምፒዮናው በ1967 ሲቋቋም የመጀመሪያውን ማዕረግ የወሰደው ወጣቱ ቤልጂጋዊ ዣኪ ኢክስ ነው። ደንቡ ብልሃት ነበረበት። ስመ ጥር የሆኑት የፎርሙላ ዋን አሽከርካሪዎች መወዳደርና ማሸነፍ ይችላሉ፤ የሻምፒዮና ነጥብ ግን አይቆጠርላቸውም። ኦስትሪያዊው ዮኬን ሪንት በዚህ ሁኔታ ደጋግሞ ሲያሸንፍ ነጥቡን የወሰዱት ከኋላው የገቡት ወጣቶች ነበሩ። በዚህም ዘዴ ተመልካቹና ጋዜጠኛው ዝነኞቹን ለማየት ሲመጣ፣ ሳያስበው ወጣቶቹንም አይቶ ይመለስ ነበር። የዘዴው ዋጋ ግን ከባድ ሆኖ የተገኘበት ቀን ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 1968 የሁለት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮኑ ጂም ክላርክ በጀርመን አገር በሆከንሃይም ሕይወቱን ያጣው የጎልድ ሊፍን ቀለም በለበሰ የፎርሙላ 2 መኪና ውስጥ ነው።

በ1970ዎቹ የፎርሙላ ዋን ሥራና ውል እየሰፋ ሲሄድ ዝነኞቹ ወደ ታችኛው ውድድር መምጣታቸውን እየተዉ ሄዱ። ከእነርሱም ጋር የሕዝቡ ዓይን ሄደ። ሸክሙ በወጣቱ ጫንቃ ላይ ወደቀ። ኒኪ ላውዳ በማርች ቡድን ውስጥ ቦታ ለማግኘት ከባንክ የተበደረው የሕይወት ኢንሹራንሱን ዋስትና አድርጎ ነው። ላውዳ በ1975 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ ነገር ግን እንደ እርሱ ተበድረው ስማቸው የማይታወስ ብዙዎች እንደሚኖሩ መገመት አያዳግትም።

የፈረንሳይ የነዳጅ ኩባንያ ኤልፍ የተለየ መንገድ መረጠ። የተመልካችን ቁጥር ከመጠበቅ ይልቅ መሰላሉን ራሱን ደገፈ። በአሽከርካሪነት ትምህርት ቤቶች ጀማሪዎችን እያወዳደረ፣ ለአሸናፊው ለቀጣዩ ዓመት የመወዳደሪያ መኪናና ድጋፍ ይሰጥ ነበር። በ1975 ካሸነፉት አንዱ አላን ፕሮስት ሲሆን ኋላ አራት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ከ1973 እስከ 1977 ድረስ የፎርሙላ 2 ሻምፒዮኖች በሙሉ ፈረንሳውያን ነበሩ፤ በኤልፍ ድጋፍ ያደጉትም ከእነርሱ መካከል ይገኛሉ። ድርጅቱ የገዛው የአንድ ቀን እይታ ሳይሆን ከጀማሪነት እስከ ዝና የሚዘልቅ ታሪክ ነው።

በ1981 የተፈረመው የኮንኮርድ ስምምነት ቡድኖቹ በየውድድሩ ሳይቀሩ እንዲሰለፉ ስላስገደደ ፎርሙላ ዋን ለቴሌቪዥን አስተማማኝ ሸቀጥ ሆነ። ታችኛው ውድድር በአንጻሩ ደበዘዘ። ፎርሙላ 2 በ1984 ተዘጋ። በ1985 በፎርሙላ 3000 ሲተካ፣ አዲሱ ውድድር በፎርሙላ ዋን ቱርቦ ያባረራቸውን ባለ 3 ሊትር ሞተሮች በመጠቀም ወጪውን ለመቀነስ ሞከረ። ለብዙ ዓመታትም አብዛኛውን ውድድሩን ለብቻው ሲያካሂድ ቆይቶ፣ በ1999 ሙሉ በሙሉ ከግራንፕሪ ጋር በአንድ ሰንበት፣ በአንድ ሥፍራ እንዲካሄድ ተደረገ። ቢሆንም በመጨረሻዎቹ ዓመታት የተሰላፊዎቹ ቁጥር እየተመናመነ ሄደ። «በሰው ወርቅ አይደምቁ» እንዲሉ፣ ከታላቁ አጠገብ መቆም ብቻውን አልበቃም።

በ2005 የተተካው ጂፒ 2 ከዚህ ትምህርት ወስዷል። በየሰንበቱ ሁለት ውድድር እንዲኖር፣ በሁለተኛውም የመጀመሪያዎቹ ስምንት ሰዎች አሰላለፍ እንዲገለበጥ ተደረገ። ስምንተኛ የወጣው ከፊት ሲነሣ፣ እርሱን የሚደግፈው ድርጅት ስምም ከካሜራው ፊት ይቆማል። የመጀመሪያው ሻምፒዮን ኒኮ ሮዝበርግ፣ የ2006 ሻምፒዮን ሉዊስ ሃሚልተን ናቸው፤ ሁለቱም የዓለም ሻምፒዮን ለመሆን በቅተዋል። ሃሚልተን ግን ገና በልጅነቱ፣ ከ1998 ጀምሮ፣ የማክላረን ቡድን ድጋፍ ነበረው። እንዲህ ያለ ደጋፊ ያላገኘ ወጣት የአንድ ዓመት መቀመጫ በሚሊዮን ዩሮ በሚቆጠርበት ውድድር ገንዘቡን ራሱ ይዞ መምጣት ግድ ሆነበት። ውድድሩ ከ2017 ጀምሮ ፎርሙላ 2 የሚለውን የቀድሞ ስም ቢይዝም ይህ ጥያቄ አልተለወጠም።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። መታየት ገንዘብ ያመጣል ተብሎ ተጀመረ፤ ውሎ አድሮ ግን ለመታየት ራሱ ገንዘብ መክፈል ግድ ሆነ። የቀለም፣ የካሜራና የአሰላለፍ ብልሃት ሁሉ ውድድሩን ይበልጥ እንዲታይ አድርጎታል፤ የወጣቱን ዕዳ ግን አላቀለለም። ዕዳውን በእርግጥ ያቀለለው፣ ኤልፍ በ1970ዎቹ እንዳደረገው፣ ወጣቱ ገና ስም ሳይኖረው ችሎታውን ፈትኖ ወጪውን የተሸከመለት ደጋፊ ነው። የስፖርት ድጋፍን ዋጋ በተመልካች ቁጥር ብቻ የሚመዝን ሁሉ ይህን ታሪክ ቢያስታውስ መልካም ነው።