ያልታመቀ ድምፅ

ያልታመቀ ድምፅ የሚባለው ማይክሮፎን የተቀበለው ሞገድ በየቅጽበቱ ተለክቶ፣ ልኬቱ ምንም ሳይቀነስ በቁጥር የተቀመጠበት ፋይል ነው። በሲዲ ደረጃ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱ ልኬት 16 ቢት ስለሚይዝ የአንድ ደቂቃ ስቴሪዮ ቅጂ 10 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል።

ዋናዎቹ የፋይል ዓይነቶች ሁለት ናቸው፦ አፕል እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጣው ኤአይኤፍኤፍ፣ ማይክሮሶፍትና አይቢኤም በ1991 ያወጡት ዋቭ። በተለመደው መልካቸው ልዩነታቸው በመግቢያ መረጃውና በባይቶቹ ቅደም ተከተል ብቻ ነው፤ ዋቭ ትንሹን ባይት ያስቀድማል፣ ኤአይኤፍኤፍ ትልቁን። ስለዚህ ለምሳሌ በጋይንት ቤተልሔም፣ የቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ በሆነው በድጓ ማስመስከሪያ፣ የተቀዳ ዜማ ካንዱ ዓይነት ወደ ሌላው ደጋግሞ ቢመላለስ አንዲት ርክርክ (የዜማ ምልክት) እንኳ አትደበዝዝም።

ይህ የሚሆነው ግን የልኬቱ ብዛትና ቢቱ ካልተነካ ነው። ባለ 24 ቢቱ ወደ 16 ሲወርድ ረቂቁ ልኬት ይቀራል፤ በሰከንድ 48,000 ጊዜ የተለካው ወደ 44,100 ሲቀየርም ቁጥሮቹ እንደ አዲስ ይሰላሉ። በፋይሉ ውስጥ የተጻፈው የመሪጌታው ስምና የተቀዳበት ቀንም በለውጡ ጊዜ ሊጠፋ ስለሚችል ለብቻው መመዝገብ አለበት፤ ባለቤቱ ያልታወቀ ዜማ ለተመራማሪ ግማሽ ጥቅሙን አጥቷል። ኤምፒስሪን ወደ ዋቭ መለወጥ ደግሞ ፋይሉን ያሳብጣል እንጂ ሲታመቅ የተጣለውን ድምፅ አይመልስም።