የዓባይ ዳገትና የናፍጣ ጢስ

ወደ ደብረ ማርቆስ የሚጓዝ ከባድ መኪና ከዓባይ ድልድይ እስከ ደጀን ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1952 መሠራት በጀመረው በፊያት 682 ዘመን መካኒኩ የሞቶሩን ሕመም ከጢሱ ያውቅ ነበር፤ ይኸውም ጥቁሩ የነዳጅ መብዛትን ወይም የአየር ማነስን፣ ሰማያዊው የዘይት መቃጠልን ያመለክታል። ነገር ግን በደጋው አየሩ ስስ ስለ ሆነ ጤነኛውም ሞቶር ይጠቁራልና ዓይን ይሳሳት ነበር። ሕጉ ከ2007 በአሜሪካ፣ ከ2013 በአውሮፓ በከባድ መኪና ላይ ከጠበቀ ወዲህ ጥቀርሻው በማጣሪያ ስለሚቀር፣ ያ ምስክር ጠፋ። ስለዚህ ማጣሪያው መደፈኑ የሚታወቀው ከፊቱና ከኋላው ያለውን የግፊት ልዩነት በመለካት ነው። ጥቀርሻ በሙቀት ይቃጠላል፤ የዘይት አመድ ግን ተወልውሎ ካልወጣ አይለቅም። ማጣሪያውን ነቅሎ መጣልን እኛ ምርመራ አንለውም፤ ጥቀርሻውን ያበዛው የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር እዚያው ሞቶሩ ላይ ይቀራልና።